የሌሊት ቦይለር፣ የወንድም ታይመርና አዲሱ ቆጣሪ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐረር፣ አራተኛ አካባቢ ነው። ግቢያችን ውስጥ እኛና ሁለት ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። ቆጣሪያችን ያ ሳህኑ የሚሽከረከረው የድሮው ነው፤ በስማርት ቆጣሪ እንደሚቀየር ተነግሮናል። ስኮትላንድ ያለው ወንድሜም ቤቱ የነበረው የሌሊት ቆጣሪና ታይመር በስማርት እየተቀየረለት ነው። ‹ሌሊት ውሃ ካሞቃችሁ በግማሽ ዋጋ ነው፣ የእኔን ቆጣሪና ታይመር ልላክላችሁ› ይለኛል። ባለ 80 ሊትር ቦይለር፣ የእንጀራ ምጣድና ወደ ሮቶ ውሃ የሚገፋ ፓምፕ አለን። ይላክልኝ? ቆጣሪው ሲቀየርስ ምን ልጠንቀቅ?»
እናት፣ ከሐረር

መልስ፦ እህታችን፣ ቆጣሪውን በጭራሽ አያስልኩ። እዚያም እዚህም ቆጣሪ የኃይል አቅራቢው ንብረት ነው፤ ወንድምዎ ነቅለው ሊወስዱት አይችሉም፣ እርስዎም ከውጭ የመጣ ቆጣሪ ግድግዳዎ ላይ ማሰር አይችሉም። ታይመሩ (በተቀጠረለት ሰዓት መብራት የሚያበራና የሚያጠፋው ዕቃ) ሌላ ነገር ነው፤ ለቦይለሩ ሊጠቅም ይችላል። የሚጠቅመው ግን ወንድምዎ ባሰቡት ምክንያት ስላልሆነ መጀመሪያ እሱን እናጥራው።

እንግሊዝ አገር ከ1970ዎቹ ማብቂያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ኢኮኖሚ ሰቨን» የሚባል ታሪፍ አለ። ሌሊት ለሰባት ሰዓት ያህል መብራት ይረክሳል፣ ቀን ይወደዳል። ቆጣሪው ሁለት ንባብ ይይዛል፤ ከጎኑ ያለው ሰዓት ወይም የሬዲዮ ምልክት የሚቀበል ሳጥን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞረዋል። ብዙ ቤቶች የነበራቸው የሬዲዮ ሳጥን ትእዛዙን ይቀበል የነበረው ከቢቢሲ የረጅም ሞገድ ሥርጭት ጋር ተደርቦ ከሚላክ ምልክት ነው። ያ አገልግሎት ስላረጀ ከሰኔ 2025 (እ.ኤ.አ.) ማብቂያ ጀምሮ በየአካባቢው በደረጃ እንዲዘጋ ተወስኗል፤ የወንድምዎ ቆጣሪ የሚቀየረውም በዚህ የተነሳ ሳይሆን አይቀርም። ሳጥኑ ሐረር ቢመጣ የሚሰማው ምልክት የለም፤ ባዶ ሳጥን ነው።

የእኛ አገር የመኖሪያ ቤት ታሪፍ የሚያየው በወር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተጠቀሙ ነው፤ በስንት ሰዓት እንደተጠቀሙ አይጠይቅም። (ለኢንዱስትሪ ደንበኞች ጭነት የሚበዛበትንና የሚቀንስበትን ሰዓት የለየ ታሪፍ በፊት ነበረ፤ «ሌሊት ይረክሳል» የሚለው ወሬ የቀረው ከዚያም ሊሆን ይችላል።) እርከኖቹ ሰባት ናቸው፦ እስከ 50፣ ከ51 እስከ 100፣ ከ101 እስከ 200፣ ከ201 እስከ 300፣ ከ301 እስከ 400፣ ከ401 እስከ 500፣ ከ500 በላይ። እርከኑ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። ዋጋው ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተስተካከለ ስለሆነ የዛሬውን ተመን ከራስዎ ደረሰኝ ላይ ይመልከቱ።

ስለዚህ ሌሊት 9 ሰዓት ያሞቁት ውሃና ከቀኑ 9 ሰዓት ያሞቁት ውሃ ዋጋቸው አንድ ነው። ስማርት ቆጣሪ በየሰዓቱ የተጠቀሙትን መመዝገብ ይችላል፤ ታሪፉ በሰዓት ካልተከፋፈለ ግን ያ መዝገብ ሂሳብዎን አይቀንስም።

እርስዎን የሚጎዳው ሌላ ነው። ሦስት ቤተሰብ እያንዳንዱ በወር 90 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀምና ሁሉም የየራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ሦስቱም ሁለተኛው እርከን ላይ ይቆማሉ። በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን 270 ይሆንና አራተኛው እርከን ላይ ይወጣል። ከገበያ ገዝተው በየክፍሉ የሚያስሩት ትንሽ ቆጣሪ ሂሳቡን በፍትሕ ለመካፈል ጥሩ ነው፤ እርከኑን ግን አያወርድም። የሚያወርደው ለተከራዮቹ ክፍሎች የተለየ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ጥያቄውን ቆጣሪ ቀያሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የአካባቢዎ ማዕከል ያቅርቡ፤ መስመሩ አንዴ ከተሠራ በኋላ እንደገና ማስነካት ድካሙም ወጪውም ይበዛል።

ወደ ታይመሩ እንመለስ።

80 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ 3.7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቦይለርዎ ባለ 1,500 ዋት ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል። ድሬዳዋ ቢሆን ፀሐይ የመታው የጣሪያ ሮቶ ግማሹን ሥራ ስለሚሠራ ብዙ ቤት ቦይለሩን ጨርሶ ሳያበራ ይውላል፤ የሐረር ጠዋት ግን ያለ ሙቅ ውሃ ከባድ ነው። ቦይለሩ ቀኑን ሙሉ እንደተሰካ ከዋለ በቆርቆሮው በኩል የሚያጣውን ሙቀት ለመተካት ብቻ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ ሽፋኑ ደካማ ከሆነ ከዚያም በላይ ያቃጥላል። ታይመር የሚያድንልዎ የዚህን ብክነት ከፊል ነው፤ በወር ከ10 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት ቢሆን ነው። ትንሽ ይመስላል፤ 205 ወይም 310 ላይ ለሚንሳፈፍ ቤት ግን አንድ እርከን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል።

ሌሊቱ ሌላ ጥቅምም አለው። ምሽት ከ12 እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ቤት ምድጃውንና ምጣዱን ሲያበራ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲደርስ የማሞቂያ ጉልበት በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳል፤ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር 1,000 ዋት ብቻ ይሆናል። ቦይለሩ ዘግይቶም ቢሆን ያሞቃል። ምጣዱ ግን ሙቀቱ ወደ አየር እየሄደ ስለሚጠብቅ እንጀራው ዓይን ሳያወጣ ይቀራል፣ ጋግረው ሲጨርሱም የቆጠረው ይበልጣል። እንጀራ ረፋድ ላይ ይጋግሩ፤ ቦይለሩን ወደ ንጋት ይግፉት።

አሁን ወንድምዎ የሚልኩት ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቋቸው። ክብ ሰሌዳ ያለው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች የተደረደሩበት ከሆነ ሜካኒካል ነው። 96 ጥርስ ካለው እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ነው፣ 48 ከሆነ 30 ደቂቃ። ቮልቴጁና 50 ኸርዙ ከእኛ ጋር ስለሚስማማ ይሠራል። ሦስት ነገር ግን ያበላሸዋል።

አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ሰሌዳው ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እስከ 24 ነው የሚቆጥረው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ለሚታጠብ ሰው ቦይለሩ ሌሊት 10 ሰዓት መነሳት አለበት፤ ሰሌዳው ላይ ያ 4 ነው። 10 ላይ ያለውን ጥርስ ከተጫኑ ረፋድ 4 ሰዓት፣ ሁሉም ከወጣ በኋላ ይበራል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ከሌሊት 6 በኋላ ከእኛ ሰዓት ላይ 6 ይቀንሱ፤ ቀን ከሆነ 6 ይደምሩ፤ ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊት 5 ደግሞ 18 ይደምሩ። ለእርስዎ ከ4 እስከ 6 ተኩል ያሉት ጥርሶች ይበቃሉ።

ሁለተኛው የመብራት መጥፋት ነው። ባትሪ የሌለው ታይመር መብራት ሲሄድ ሰዓቱም ይቆማል። ሦስት ሰዓት ከጠፋ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ በማግስቱ ቦይለሩ የሚነሳው ሌሊት 10 መሆኑ ይቀርና ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለት ጊዜ መብራት ቢሄድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታይመሩ ምን ሰዓት እንደሚያበራ ማንም አያውቅም፤ «ታይመር ዕቃ አይደለም» ተብሎ የሚጣለውም ያኔ ነው። መብራት በመጣ ቁጥር ሰሌዳውን በእጅ ማዞር የማይሰለችዎ ካልሆነ በቀር የውስጥ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር ይሻላል።

ሦስተኛው አምፔር፣ ማለትም ታይመሩ የሚችለው የኮረንቲ መጠን ነው። አብዛኛው ታይመር 16 አምፔር ይላል። ያ ቁጥር የሚሠራው ለማሞቂያ ብቻ ነው። የእርስዎ ቦይለር 7 አምፔር ገደማ ስለሚስብ ችግር የለበትም፤ ከማከፋፈያው (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) ራሱን የቻለ 16 አምፔር ብሬከርና 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይኑረው። የወንድምዎ ታይመር የእንግሊዝ ስፒና ያለው፣ ሶኬት ላይ የሚሰካ ዓይነት ከሆነ ግን 13 አምፔር ነው፣ እዚህ ደግሞ በመለወጫ ስፒና ካልሆነ አይገባም። ከገበያ የተገዛ ቀጭን መለወጫ በየሌሊቱ ለሁለት ሰዓት ተኩል 7 አምፔር ሲያልፍበት መጀመሪያ ይሞቃል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ሁሉም በተኛበት ሰዓት የሚደርስ አደጋ ስለሆነ ይህን አያድርጉት። ማከፋፈያው ውስጥ የሚታሰረውን ዓይነት ይግዙ፣ በባለሙያ ያስገጥሙት።

ምጣዱን ታይመር ላይ አያስሩ። 3,750 ዋት ምጣድ 17 አምፔር ይስባል፤ በታይመሩ ውስጥ ኮረንቲውን የሚያገናኘው ምላስ ይጣበቅና መጥፋት ሲገባው እንደበራ ይቀራል።

ፓምፑንም እንዲሁ። ሞተር ሲነሳ ከመደበኛው አራት አምስት እጥፍ ስለሚስብ 16 አምፔር የተባለው ታይመር ለሞተር የሚችለው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። የባሰው ግን ውሃው ነው። ሐረር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ታይመሩ ሌሊት 8 ላይ ፓምፑን ሲያስነሳው ቧንቧው ደረቅ ከሆነ ፓምፑ ያለ ውሃ እየተሽከረከረ «ሲል» የሚባለውን የውሃ ማገጃ ያቃጥላል። ለፓምፕ የሚሆነው ሁለት ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው፦ አንዱ የታችኛው ታንከር ባዶ ሲሆን የሚያጠፋ፣ ሌላው የላዩ ሮቶ ሲሞላ የሚያጠፋ።

የቆጣሪው መቀየሪያ ቀን ሳይደርስ ዛሬውኑ አንድ ነገር ያድርጉ። የድሮውን ቆጣሪ ያንብቡና ከመጨረሻው ደረሰኝ ጋር ያስተያዩት። በቀይ ክፈፍ ያለው የመጨረሻ አሃዝ አስርዮሽ ስለሆነ አይቆጠርም። ደረሰኙ 14,310 እያለ ቆጣሪው 14,720 ካለ ሂሳቡ ለተወሰነ ጊዜ በግምት ሲመጣ ነበር ማለት ነው፤ ያልተከፈለ 410 ኪሎዋት ሰዓት ተከማችቷል። ቆጣሪው ሲነሳ የመዝጊያ ንባብ ይወሰድና ያ ሁሉ በአንድ ወር ላይ ሊወድቅ ይችላል። የወትሮው 240 ሲጨመርበት 650 ይሆናል፤ የመጨረሻው እርከን ነው። ከመቀየሩ በፊት ማዕከሉ ሄደው ንባቡን ያስመዝግቡ፣ ልዩነቱ በተጠራቀመባቸው ወራት ላይ ተከፋፍሎ እንዲሰላ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከተቀየረ በኋላ የድሮው ቆጣሪ ስለሚወሰድ ማስረጃዎ አብሮ ይሄዳል።

ሠራተኞቹ የመጡ ዕለት መታወቂያቸውን ይጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለዎት 905 ደውለው ያረጋግጡ። ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር ይንቀሉ፣ የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ። የድሮው ቆጣሪ ቁጥሩና ንባቡ አንድ ላይ እንዲታይ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ አዲሱንም ከታሰረ በኋላ እንዲሁ። አዲሱ ላይ ማሳያው እየተቀያየረ ብዙ ቁጥር ያሳያል። በብዙዎቹ ላይ ከ1.8.0 አጠገብ የሚወጣው ጠቅላላ የተጠቀሙት ነው፤ 1.8.1 እና 1.8.2 ካዩ ቆጣሪው ሁለት ታሪፍ ለይቶ መያዝ እንደሚችል ነው እንጂ እርስዎ ሁለት ታሪፍ አለዎት ማለት አይደለም። የመነሻ ንባቡ ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ መሆኑን፣ ፎርሙ ላይ የተጻፈው የቆጣሪ ቁጥር ከሳጥኑ ፊት ጋር፣ የደንበኛ ቁጥሩም ከደረሰኝዎ ጋር መግጠሙን ሳያዩ አይፈርሙ። የአንዱ ቆጣሪ በሌላው ስም ከተመዘገበ የጎረቤትን ሂሳብ ስትከፍሉ ትከርማላችሁ።

መብራቱ ሲመለስ ዋናውን ብሬከር ከማብራትዎ በፊት ፌዝና ኒውትራል (ኮረንቲ የሚያመጣውና የሚመልሰው ሽቦ) እንዳልተገለባበጡ በቴስተር እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ይህ ለእርስዎ ቤት በተለይ ያስፈልጋል፤ ታይመሩ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነውና። ከተገለባበጠ ኒውትራሉን ይቆርጥና ቦይለሩ የጠፋ መስሎ ማሞቂያው ውስጥ ኮረንቲ እንዳለ ይቆያል። መሬት ሽቦ በሌለው ቤት ገላ የሚታጠብ ሰው ላይ የሚመጣውን ማሰብ አያሻም። የቆጣሪው ብሎኖች በደንብ መጥበቃቸውንም ያስተውሉ። እንጀራ ሲጋገር የፕላስቲክ ሽታ ከሳጥኑ ከመጣ የላላ ብሎን ነው፤ ማሸጊያውን እርስዎ ሳይነኩ ወዲያው 905 ያስታውቁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ቅሬታ «አዲሱ ቆጣሪ ይሮጣል» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን የድሮው ያነክስ ስለነበረ ነው። ሳህኑ የሚሽከረከርበት ዘንግ ሲያረጅ ትንሽ ጭነት አያንቀሳቅሰውም፤ የሪሲቨር፣ የዋይፋይና የቻርጀር ኃይል ሳይቆጠር ያልፋል። አዲሱ ከ5 ዋት በታች እንኳ ይቆጥራል። ሌት ተቀን የሚቆይ 30 ዋት በወር 21 ተኩል ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሦስት ቤተሰብ ባለበት ግቢ ይባዛ።

ከመጨቃጨቅ በፊት ይፈትኑት። ግቢው ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጥፉ። ቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ካላቆመች አንድ የረሱት ነገር ወይም የሚያፈስ መስመር አለ። ካቆመች ቦይለሩን ብቻ ያብሩ። ከመብራቷ አጠገብ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ተጽፏል፤ 1600 ከሆነ ባለ 1,500 ዋት ቦይለር በደቂቃ 40 ጊዜ፣ 1000 ከሆነ 25 ጊዜ ያበራታል። ቮልቴጅ በወረደበት ምሽት ቁጥሩ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ጠዋት ይፈትኑ። 40 መሆን ሲገባው 44 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ካወጣ ደቂቃውን በስልክ ቀርጸው ለማዕከሉ የቆጣሪ ፍተሻ ያመልክቱ።

አንድ ችግር ግን በአሮጌ ግቢዎች ላይ ብዙ ያስለቅሳል። ብዙ አዳዲስ ቆጣሪዎች በፌዝ የገባውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ያያሉ። የተከራይ ክፍል ኒውትራል ከጎረቤት መስመር ተበድሮ ከሆነ፣ ወይም አንድ ሰው መሬት ውስጥ የተቀበረ ብረትን እንደ ኒውትራል ተጠቅሞ ከሆነ ሁለቱ አይገጥሙም። ቆጣሪው ከሁለቱ የበለጠውን ሊቆጥር ወይም የስርቆት ምልክት አብርቶ መብራቱን ሊቆርጥ ይችላል። የድሮው ቆጣሪ ይህን አያውቅም ነበር። ስለዚህ ቀያሪዎቹ ሳይመጡ አንድ ኤሌክትሪሺያን የእያንዳንዱን ክፍል ኒውትራል እስከ ማከፋፈያው ድረስ ይከተልልዎ፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ለወንድምዎም አንድ መልእክት ያድርሱልን። የሌሊት ማሞቂያቸው በተለየ መስመር የሚሄድ ከሆነ ተራ ስማርት ቆጣሪ አይበቃቸውም፤ ለማሞቂያው መስመር የተለየ መውጫ ያለውን ባለ አምስት ተርሚናል (የሽቦ ማሰሪያ) ቆጣሪ፣ ወይም የጭነት ማብሪያ የተጨመረለትን እንዲያስገቡላቸው አስቀድመው ለኃይል አቅራቢያቸው ድርጅት ይንገሩ። አለዚያ ማሞቂያው ሁልጊዜ በርቶ ወይም ሁልጊዜ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል፤ የስኮትላንድ ክረምት ደግሞ ይህን አይምርም። ቀያሪው ከመሄዱ በፊት የሌሊቱ ታሪፍ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ በጽሑፍ ይቀበሉ። ለእርስዎ የሆነ ነገር መላክ ከፈለጉም ባትሪ ያለው፣ ማከፋፈያ ውስጥ የሚታሰር ባለ 16 አምፔር ዲጂታል ታይመር ይላኩ፤ ሌላውን እዚያው ይተዉት።